ሽቴትል ምንድን ነው?

ሽቴትል በምሥራቅ አውሮፓ አይሁዶች በብዛት የኖሩባት ትንሽ የገበያ ከተማ ናት። ስሟ የመጣው ከነዋሪዎቿ ቋንቋ ከይዲሽ ነው። ዛሬ ፖላንድ፣ ሊትዌኒያ፣ ቤላሩስና ዩክሬን በምንላቸው አገሮች እንዲህ ያሉ ከተሞች በመቶዎች ይቆጠሩ ነበር። በብዙዎቹ ከነዋሪው ግማሽ ያህሉ፣ አንዳንዴም ከግማሽ በላዩ፣ አይሁድ ነበር።

ሽቴትልን ከጌቶ ጋር የሚያምታታ ሰው ብዙ ነው። ጌቶ አይሁዶች ተገደው የገቡበት፣ ብዙ ጊዜም የታጠረ ሰፈር ነው። ሽቴትል ግን አጥር አልነበራትም። መሃሏ ላይ ገበያ አለ፤ ዙሪያውን የአይሁድ ሱቆችና ቤቶች፣ ወጣ ሲሉ ደግሞ የክርስቲያን ገበሬዎች መንደር። አንዱ ያለሌላው አይኖርም ነበር።

እንዴት ተጀመረች? የፖላንድና የሊትዌኒያ መኳንንት ሰፊ መሬት ነበራቸው። በተለይ ከ16ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በየርስታቸው ላይ ከተማ ይቆረቁሩ ጀመር። ገበያ የሌለው ከተማ ደግሞ ገቢ የለውም። ገበሬው መሬት ላይ የታሰረ ገባር ነው፤ መኳንንቱ ራሳቸው ንግድን ይንቁ ነበር። ስለዚህ አይሁዶችን ጠርተው አሰፈሩ። በፖላንድ ምድር አይሁዶች እንዲኖሩና እንዲነግዱ የሚጠብቃቸው ሕግ ገና በ1264 በካሊሽ ወጥቶላቸው ነበር።

አይሁዱ ከጌታው ላይ ወፍጮውን፣ መጠጥ ቤቱን ወይም የአረቄ መጥመቂያውን ይከራያል። አሬንዳ ይባላል። ኪራዩን ከፍሎ የተረፈው የራሱ ነው። ካልሞላለት ግን ጌታው ከነቤተሰቡ ሊያስረው ይችላል። በሌላ በኩል ገበሬው በየቀኑ የሚያየው ጌታውን ሳይሆን ይህን ተከራይ ነው። በ1648 በዩክሬን ኮሳኮች የሚባሉት ተዋጊዎች ሲያምፁ ያ ሁሉ ቁጣ አይሁዶች ላይ ወረደ። ብዙ ሺህ ሰው ተገደለ።

ከሁሉም ይልቅ እኔን የሚስበኝ የገበያው ቀን ነው። በሳምንት አንድ ቀን ገበሬው ጋሪውን ጭኖ ይመጣል። እህል፣ እንቁላል፣ ዶሮ፣ ተልባ፣ ቆዳ ያወርዳል። ሲመለስ ጨው፣ ላምባ፣ ሚስማር፣ ጨርቅ፣ በጨው የተያዘ ዓሣ ይዞ ይሄዳል። ያን ዕለት ካልተሸጠ ሳምንቱን ሙሉ የሚበላ የለም። ገበሬው እጅ ሲያጥረው በዱቤ ይወስዳል፤ አዝመራው ሲደርስ ይከፍላል። ነጋዴውም ዕቃውን ያመጣው ከትልቁ ከተማ ነጋዴ በዱቤ ነው። ስለዚህ አንድ ክፉ የመኸር ወቅት ከገበሬው ጎተራ ተነስቶ ሱቁን ሁሉ ያራቁታል።

የአይሁድ ነጋዴ ሲባል ባለጸጋ ብቻ የሚታየው ሰው አለ። ይህ ሐሰት ነው፤ ብዙ ጉዳትም አድርሷል። እህልና እንጨት ወደ ባልቲክ ወደብ የሚልኩ ሀብታሞች በእርግጥ ነበሩ፣ ግን ጥቂት ናቸው። ብዙሃኑ ከእጅ ወደ አፍ ነው የኖረው። አንድ ቅርጫት ሎሚ ወይም ጥቂት ክር ዘርግታ የምትውል ሴት፣ ጫማ ሰፊ፣ ልብስ ሰፊ፣ ጋሪ ነጂ። ሴቶቹ በንግዱ ዋና ነበሩ፤ ባል ኦሪትንና ታልሙድን (የረቢዎችን የሕግ ትርጓሜ መጽሐፍ) ሲያጠና ሱቁን የምትይዝ ሚስት ብዙ ነበረች። ሌላው ደግሞ ዕቃውን በጀርባው ተሸክሞ እሑድ ይወጣል፣ መንደር ለመንደር ይዞራል፣ ዓርብ ጀምበር ሳትጠልቅ ለሰንበት ይገባል።

ድህነቱን የሚያስችለው ማኅበሩ ነበር። ምኩራብ፣ የልጆች ትምህርት ቤት፣ የመንጻት መታጠቢያ በየሽቴትሉ አለ። ከስሮ ለተቸገረ ያለወለድ የሚያበድር ማኅበር ይቋቋማል፤ አይሁድ ለአይሁድ በወለድ እንዳያበድር ኦሪት ይከለክላልና። ሙታንን አጥቦ የሚቀብረው ማኅበርም እንደኛ እድር በከተማው ሁሉ ዘንድ የተከበረ ነው።

በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ፖላንድን ጎረቤቶቿ ተከፋፈሏት። አብዛኛው አይሁድ በሩሲያ ንጉሠ ነገሥት፣ በዛሩ፣ ሥር ወደቀ፤ ከምዕራባዊው የግዛቱ ክፍል እንዳይወጣም ተከለከለ። ክልከላው እስከ 1917 ቆየ። በ1881 ዛር አሌክሳንደር ሁለተኛ ሲገደሉ ዘረፋና ግድያ ተቀሰቀሰ። የ1882 ሕግ ደግሞ አይሁዶች አዲስ ሆነው ገጠር እንዳይሰፍሩና እሑድ እንዳይነግዱ አገደ። ቅዳሜ በሃይማኖቱ፣ እሑድ በሕጉ ሱቁ ተዘጋ። ብዙ ገበሬ ከቤተ ክርስቲያን መልስ የሚሸምተው እሑድ ነበር! ባቡሩ ሽቴትሏን ትቶ በሌላ ከተማ ሲያልፍ፣ መንግሥትም ከ1890ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የቮድካ ንግዱን ሲወስድ ኑሮው የባሰ ጠበበ። እስከ 1914 ሁለት ሚሊዮን ያህል አይሁዶች ከምሥራቅ አውሮፓ ተሰደዱ፤ አብዛኞቹ ወደ አሜሪካ።

የጎንደር ቤተ እስራኤሎችን ታሪክ የሚያውቅ አንባቢ አንድ ነገር ያስተውላል። እነሱም ርስታቸውን ሲያጡ ወደ አንጥረኝነት፣ ሸክላና ሽመና ዞረዋል። ሁለቱ ማኅበረሰቦች ለዘመናት ሳይተዋወቁ ኖረው ልጆቻቸው ዛሬ እስራኤል ውስጥ ጎረቤታሞች ናቸው።

ሽቴትልን ያጠፋት ስደቱ አይደለም፣ ናዚዎች ናቸው። ሊትዌኒያ ውስጥ ኤይሺሾክ የምትባል ሽቴትል ነበረች። በመስከረም 1941 የጀርመን ገዳዮችና የአገሬው ተባባሪዎቻቸው አይሁዶቿን፣ ከአካባቢው የመጡትንም ጨምረው፣ በምኩራብ አጉረው ካቆዩ በኋላ በጥይት ፈጇቸው። ገዳዮቹ ራሳቸው በጻፉት ሪፖርት ቁጥሩ 3,446 ነው። 821ዱ ልጆች ናቸው።

በልጅነቷ ከዚያ የተረፈችው የታሪክ ምሁር ያፋ ኤሊያክ የከተማዋን ሰዎች ፎቶ ከየአገሩ ስትሰበስብ ብዙ ዓመት ደከመች። አያቶቿ እዚያው ፎቶ አንሺዎች ነበሩ። ከፎቶዎቹ ከሺህ የሚበልጡት ዋሽንግተን ዲሲ በሚገኘው የሆሎኮስት (ናዚዎች በአይሁዶች ላይ የፈጸሙት እልቂት) መታሰቢያ ሙዚየም፣ ሦስት ፎቅ በሚያህል ግንብ ላይ ተሰቅለዋል። ሰርግ አለ፣ ተማሪዎች አሉ፣ ለብሰው የወጡ ቤተሰቦች አሉ። ዲሲና አካባቢው የምትኖሩ መግቢያው በነፃ ነው፤ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ።