ከጓደኛ ጋር ደባል መሆን፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

አዲስ አበባ ውስጥ ባለ ሁለት መኝታ ኮንዶሚኒየም ለሦስት ለአራት ተከራይቶ መኖር የተለመደ ነው። ደባሎቹ ጓደኛሞች ሲሆኑ ግን ብዙው ነገር «እንተዋወቅ የለ!» ተብሎ ሳይነገር ይታለፋል። ጠቡም የሚመጣው ከዚያው ነው።

«ለጓደኛ ምን ውል ያስፈልጋል?»

ብዙ ጊዜ ከአከራዩ ጋር የሚፈርመው አንዱ ብቻ ነው። እሱ አግብቶ ወይም ሥራ ቀይሮ ሲወጣ የቀሩት ውሉ ላይ ስማቸው የለም፤ አከራዩ «እናንተን አላውቅም» ቢላቸው መልስ ያጣሉ። በአዋጅ ቁጥር 1320/2016 መሠረት የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል በጽሑፍ ተደርጎ በ30 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት። ዘመኑ ከሁለት ዓመት ማነስ፣ ቅድመ ክፍያውም ከሁለት ወር ኪራይ መብለጥ አይችልም። ስለዚህ ሁሉም ይፈርሙ። ኪራዩን አንዱ ሰብስቦ በባንክ የሚያስገባ ከሆነም ሌሎቹ ድርሻቸውን በባንክ ይላኩለት፤ ምክንያቱ ላይ የወሩን ስም ይጻፉ። በእጅ የተሰጠ ብር ከሦስት ወር በኋላ ያጨቃጭቃል።

«ሁሉን እኩል መካፈል ነው ፍትሕ»

ለጥበቃና ለጽዳት መዋጮ፣ አዎ። ሰፊውን መኝታ የያዘና ሳሎን ፍራሽ ዘርግቶ የሚያድር ግን አንድ ዓይነት ኪራይ ሊከፍሉ አይገባም። መብራትም እንደዚሁ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ይስባል፤ ሁለት ሰዓት ከተጋገረበት እስከ 8 ኪሎዋት ሰዓት ይቆጥራል። ታሪፉ ደግሞ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር የሚወደድ ነው። እንጀራውን ሁሉም የሚበላው ከሆነ ችግር የለም፤ አንዱ ለራሱ ብቻ ከጋገረ ግን ከመጋገሩ በፊትና በኋላ ቆጣሪውን አንብቦ ይመዝግብ። ምጣዱን በማከፋፈያ ገመድ መሰካት ደግሞ አደገኛ ነው። በ220 ቮልት እስከ 18 አምፔር ይወስዳል፤ የተለመደው ሶኬት የሚችለው 16 ነው። መጀመሪያ ሶኬቱ ዙሪያውን ይጠቁራል፣ ቀጥሎ ፕላስቲኩ ይቀልጣል። የራሱ መስመር ይዘርጋለት።

«በርሜል እስካለ ውሃ አያሳስብም»

200 ሊትር ለአራት ሰው፣ ለሦስት ቀን ሲካፈል በቀን ለአንድ ሰው 17 ሊትር እንኳ አይሞላም። ከእጥረቱ ይልቅ የሚከፋው ግን የተረሳ ቧንቧ ነው። ውሃ በጠፋበት ሰዓት አንዱ ይከፍተዋል፣ ሳይዘጋው ይወጣል። ሌሊት ፈረቃው ሲደርስ የዕቃ ማጠቢያው ማውረጃ በእንጀራ ፍርፋሪ ተደፍኗል፤ ውሃው ሳሎኑን ሞልቶ የታችኛውን ጎረቤት ኮርኒስ ያርሳል። መጨረሻ የሚወጣው ሰው ዋናውን መዝጊያ ይዝጋ፤ ይህን ከገቡበት ቀን ጀምሮ ልማድ ያድርጉት።

«ፍሪጁን አዋጥተን እንግዛው»

አይሆንም። ሲለያዩ ለሁለት አይቆረጥም። አንዱ ፍሪጅ፣ ሌላው ምድጃ ይግዛ፤ የማን እንደሆነ ይጻፍ።

«ቅርብ መሆን ማለት አንድ ቤት መኖር ነው»

አንዱ ሌሊት ሠርቶ ቀን የሚተኛ፣ ሌላው ማታ ማታ እንግዳ የሚያበዛ ከሆነ አንድ ብሎክ ላይ ሁለት ስቱዲዮ መፈለግ ይሻላል። ኪራዩ ይጨምራል፤ ቡናውን ግን ደረጃ ወርዶ አብሮ መጠጣት ይቻላል።