«መታዘዝ ከመሥዋዕት ይበልጣል»፦ ለንጉሥ የተነገረ ቁጣ

ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 የቅዱስ ገብርኤል ንግሥ ሲደርስ ሐዋሳ በእንግዳ ትጨናነቃለች። ስለት ያለበት ጥላውን፣ ጧፉን፣ ገንዘቡን ይዞ ይመጣል። የእህቱን የውርስ ድርሻ የነፈገ ሰው የወርቅ ዘርፍ ጥላ ተሸክሞ ሲመጣ ያዩ ሽማግሌ «ልጄ፣ መታዘዝ ከመሥዋዕት ይበልጣል» ቢሉት፣ ነገሩ ወዲያው ይገባዋል፤ መጀመሪያ የእህትህን ስጥ ማለታቸው ነው።

አነጋገሩ የተወሰደው ከመጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ ምዕራፍ 15 ነው። እስራኤል ከግብፅ ሲወጣ አማሌቅ የተባለው ሕዝብ ከኋላ የቀሩትን ደካሞች መትቶ ነበር። ንጉሥ ሳኦል አማሌቅን ከነከብቱ ፈጽሞ እንዲያጠፋ ታዘዘ። ትእዛዙ ዛሬ ለሚያነበው ሰው ይከብዳል፤ ለእኔም ይከብደኛል። ሳኦል ግን ያጎደለው ራርቶ እንዳይባል ሕዝቡን በሰይፍ ፈጅቷል። ያስቀረው የአማሌቅን ንጉሥ አጋግንና የሰባውን ከብት ነው፤ የማይረባውን አጠፋ። ቀርሜሎስ ላይም ለራሱ መታሰቢያ አቆመ።

ነቢዩ ሳሙኤል ይህ ሲገለጥለት ተቆጣ፤ ሌሊቱንም ሁሉ ወደ እግዚአብሔር ሲጮኽ አደረ። ሰባኪ ብዙ ጊዜ ይህችን ሌሊት ይዘላታል፤ እኔ ግን ከምዕራፉ ሁሉ የምወዳት እሷን ነው። ቁጣው አስቀድሞ ጸሎት ሆነ፤ ወደ ንጉሡ የሄደው ሲነጋ ነው። ጌልገላ ላይ ሳኦል ትእዛዙን ፈጽሜአለሁ ብሎ ተቀበለው። ታዲያ ይህ የምሰማው የበግ ጩኸት ምንድን ነው አለው ሳሙኤል። ሳኦልም ሕዝቡ ለመሥዋዕት ያስቀረው ነው ብሎ አሳበበ። ከዚያ ሳሙኤል የሰጠው መልስ ነው ዛሬ በአፋችን የቀረው። ሳኦልም ሲጨንቀው «ሕዝቡን ፈርቼ ቃላቸውን ሰማሁ» ብሎ አመነ። ታዟል እኮ፣ ግን ለፈራው!

ያው ሳኦል በምዕራፍ 11 ሌላ ሰው ነበር። አሞናዊው ናዖስ የኢያቢስ ገለዓድን ሰዎች ቀኝ ዐይናቸውን አወጣለሁ ብሎ መዛቱን ሲሰማ፣ የእግዚአብሔር መንፈስ ወረደበትና ቁጣው ነደደ፤ በሬዎች ቆራርጦ በየአገሩ እየላከ ሠራዊት አስነሣ። ያን ቀን የተቆጣው ለተጠቁት ነው።

አንዳንድ አባወራና አንዳንድ አለቃ ይህን ቃል የበታቹን ዝም ለማሰኘት ይመዘዋል። ያለቦታው ነው። ዙፋን የሌለው አንድ ሽማግሌ ባለ ዙፋኑን የገሠጸበት ቃል ነው፤ የገሠጸውም ጠልቶት አልነበረም። ከዚያ ወዲያ እስኪሞት ድረስ ሊያየው አልሄደም፤ ያለቀሰለት ግን «እስከ መቼ ታለቅሳለህ?» እስኪባል ነው።

ሐዋሳ ላይ ኦርቶዶክሱም ፕሮቴስታንቱም ይጠቀምበታል። ሁዳዴን እየጾመች የቤት ሠራተኛዋን ደመወዝ ለምትይዝ እመቤትም፣ አሥራቱን ሳያጓድል ሚዛን ለሚያጎድል ነጋዴም ይነገራል።