ሪም ፕሮቴክተር ምንድን ነው? ብሎክ ቆጣሪዎች ሆይ፣ ይህችን አንብቡ

«በጨዋታ ስንት ብሎክ አለው?» በቅርጫት ኳስ ስለ አንድ ትልቅ ሴንተር (ቅርጫቱ ሥር ስለሚጫወተው ረጅም ሰው) መከላከል በተወራ ቁጥር ይሄ ጥያቄ ይመጣል። ብሎክ ማለት የተወረወረችን ኳስ አየር ላይ በእጅ ማስቀረት ነው። ቁጥሩ ትልቅ ከሆነ ሰውየው ሪም ፕሮቴክተር ይባላል። ትንሽ ከሆነ «ቆሞ ተመልካች» ተብሎ ይሰደባል። በቃ፣ ፍርዱ ተሰጠ፣ መዝገቡ ተዘጋ። እኔ ደግሞ በዚህ ነገር ትዕግስቴ አልቋል።

ሪም ፕሮቴክሽን ማለት ተጋጣሚ ቅርጫቱ ሥር ቀላል ነጥብ እንዳያገኝ ማድረግ ነው። ብሎክ አንዱ መንገድ ነው። ሌሎቹ መንገዶች አብዛኛውን ጊዜ በሰውየው ስም አይመዘገቡም። ኳስ ይዞ ሰብሮ የገባ ጋርድ (ኳስ የሚያንቀሳቅሰው አጠር ያለ ተጫዋች) ሴንተሩን ሲያይ ሌይአፑን፣ ማለትም ከቅርብ የሚሞከረውን ቀላል ኳስ፣ ትቶ ኳሷን ወደ ውጭ ከመለሳት ማን ይጽፈዋል? ማንም። ሴንተሩ እጁን ቀጥ አድርጎ ዘሎ፣ ወርዋሪው ኳሷን ከልክ በላይ ከፍ አድርጎ ቢስትስ? እሷም ተራ «የሳተ ኳስ» ሆና ታልፋለች።

ዘበኛ አስቡ። አንዱ ዘበኛ በወር አሥር ሌባ ይይዛል። ሌላው አንድም አልያዘም፣ ምክንያቱም ሰፈሩ ውስጥ ያለ ሌባ ሁሉ እሱ በር ላይ መቆሙን ስለሚያውቅ ድርሽ አይልም። በብሎክ ቆጣሪው ወዳጃችን ስሌት የመጀመሪያው ጎበዝ፣ ሁለተኛው ሰነፍ ነው። እንዲያውም አሥር ሌባ የመጣው ለምንድን ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም።

ምሳሌ ካስፈለገ፣ እ.ኤ.አ. በ2011–12 የኦክላሆማ ሲቲው ሰርጅ ኢባካ በጨዋታ ከ3.5 በላይ ብሎክ ይዞ ኤንቢኤን (የአሜሪካውን ትልቅ ሊግ) በብሎክ ብዛት መራ። የዓመቱን ምርጥ ተከላካይ ሽልማት የወሰደው ግን በጨዋታ 1.4 ብሎክ ብቻ የነበረው የኒውዮርኩ ታይሰን ቻንድለር ነው። በቀጣዩ ዓመትም ኢባካ መራ። ሽልማቱ የሜምፊሱ ማርክ ጋሶል ሆነ፣ በ1.7 ብሎክ። ድምፅ የሚሰጡት ጋዜጠኞች ሁልጊዜ ልክ ናቸው አልልም። በእነዚህ ሁለት ዓመታት ግን ሁሉም ሰው ሰክሮ አልነበረም።

ቢል ራስልማ ጭራሽ አይነሳ። ከቦስተን ጋር በ13 የውድድር ዘመን 11 ዋንጫ አንስቶ በ1969 ጫማ ሰቀለ። ኤንቢኤ ብሎክን በይፋ መመዝገብ የጀመረው በ1973–74 ነው። እንግዲህ በቁጥሩ ከሄድን የራስል ብሎክ ባዶ ነው። ደግሞ ራስል የሚታወቀው ኳሷን ወደ ተመልካች በመጠለዝ ሳይሆን ለጓደኞቹ እንድትደርስ አድርጎ በመንካት ነው። ሦስተኛ ረድፍ ላይ የወደቀች ብሎክ ቪዲዮ ላይ ታምራለች፤ ኳሷ ግን እንደገና የተጋጣሚ ናት።

ብሎክ አዳኝ ሴንተር ሌላም ጣጣ አለው። የማስመሰያ እንቅስቃሴ ባየ ቁጥር ይዘላል፣ ፋውል ያተርፋል። ወይም ከጎን እየሮጠ መጥቶ ይዘላል፣ ኳሷን አይነካትም፣ እሱ የተወው ሰው ሪባውንዱን (ስታ የተመለሰችውን ኳስ) ይዞ ያለ ተቀናቃኝ ያገባል። ዘበኛው አንዱን ሌባ ሊያባርር በሩን በርግዶ ሄደ ማለት ነው። ያቺ ነጥብ ደግሞ በእሱ ስም አትጻፍም።

እውነተኛውን ሥራ ማየት የሚፈልግ ፒክ ኤንድ ሮል ላይ (አንዱ አጥቂ የጋርዱን ጠባቂ በአካሉ ጋርዶ ወደ ቅርጫቱ በሚሮጥበት ጨዋታ) ኳሷን ትቶ የሴንተሩን እግር ይይ። ስክሪን፣ ማለትም ግርዶሹ፣ ተሠራ፤ የጋርዱ ጠባቂ ከኋላ ቀርቷል። አሁን ሴንተሩ ብቻውን ሁለት ሰው ይዟል፦ ኳስ ይዞ የሚመጣውንና ወደ ቅርጫቱ የሚንከባለለውን። ጎበዙ ወደ ኋላ እየሸሸ፣ ትከሻውን ወደ ኳሷ አዙሮ፣ አንድ እጁን ከፍ አድርጎ የማቀበያውን መስመር ይዘጋል። አንድ እርምጃ ቀድሞ ከወጣ ኳሷ በአናቱ ላይ ታልፍና ዳንክ ትሆናለች። አንድ እርምጃ ከዘገየ ጋርዱ ተረጋግቶ ይወረውራል። የእሱ ሥራ ጓደኛው እስኪደርስ ሁለቱንም ማጓተት ነው። ከተሳካለት ምንም ነገር አልሆነም። ምንም ያልሆነበትን ነገር ደግሞ ማን ቆርጦ ይለጥፈዋል?

ስለዚህ የዴንቨሩን ሴንተር ኒኮላ ዮኪችን በብሎኩ ለክታችሁ «መከላከል አይችልም» የምትሉ ሰዎች፣ መደምደሚያችሁ በከፊል ልክ ቢሆንም መንገዳችሁ ስህተት ነው። ዮኪች ከፍ ብሎ የሚዘል ሰው አይደለም፣ ቅርጫቱ ሥር ሲደረስበት ብዙም አያስፈራም። ይሄ እውነተኛ ድክመት ነው። ዴንቨር ግን ብዙ ጊዜ ከበሩ አርቆ፣ ስክሪኑ ጋ ያቆመዋል። እዚያ ፈጣን እጁና ቀድሞ የሚያነብበት ጭንቅላቱ ይሠራሉ። አሠሪው አጥሩ ጋ ያቆመውን ዘበኛ በሩ ላይ ከቆመው ጋር በአንድ ሚዛን መመዘን አይቻልም። የእኔ ፍርድ? መካከለኛ ተከላካይ ነው፣ አንዳንድ ምሽት ከዚያ በላይ። ቀልድ አይደለም።

በ2013–14 ካሜራዎች በሁሉም የኤንቢኤ ሜዳ ከገቡ ወዲህ ተጋጣሚ ሴንተሩ ባለበት ቅርጫቱ ሥር ከመቶ ስንት እንደሚያገባ ይታወቃል። ከብሎክ ቆጠራ በብዙ ይሻላል። ግን እሱም የተወረወረውን ይቆጥራል እንጂ ፈርተው ሳይወረውሩ የቀሩትን አይነግርም። «እሱ ሲቀመጥ ቡድኑ ብዙ ነጥብ ይገባበታል» የሚለውም ቁጥር ተቀያሪው ማን እንደሆነ ካልታየ ያሳስታል። ተቀያሪው ደካማ ከሆነ መካከለኛውም ሴንተር ግንብ ይመስላል። በዚያ ላይ የተጋጣሚ ሦስት ነጥብ መግባትና አለመግባት በአጭር ጊዜ ውስጥ ከሴንተሩ ይልቅ የዕድል ጉዳይ ነው።

ለያኔው የዩታ ሴንተር ለሩዲ ጎቤርም ትንሽ ልሟገት። ሰኔ 2021 ክሊፐርስ ዩታን ከጥሎ ማለፍ ሲያስወጡ፣ በስድስተኛው ጨዋታ የክሊፐርሱ ቴራንስ ማን 39 ነጥብ አስቆጠረ። «ጎቤር ተጋለጠ» ተባለ፤ እስከ ዛሬም ይባላል። የሆነው ግን ክሊፐርስ አምስት ወርዋሪ ዘርግተው ተጫወቱ። የዩታ ጋርዶች ሰው ማስቆም አቃታቸው። ጎቤር ቅርጫቱን ሊሸፍን ሲገባ እሱ የሚጠብቀው ቴራንስ ማን ጥግ ላይ ብቻውን ቀረ። ዘበኛው በር ላይ ቆሞ ሳለ ቤተሰቡ መስኮት ሁሉ ከፍቶ ተኝቷል። ዘበኛው ምንም ጥፋት የለበትም አልልም፤ ወደ መስኮቱ ሲሮጥ ቀርፋፋ ነው። ሙሉ ዕዳውን ለእሱ መጫን ግን ግፍ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ባትጠይቁኝም። በኤንቢኤ ከ2001–02 ጀምሮ ተከላካይ በክንድ ርቀት ሰው ሳይይዝ ከሦስት ሰከንድ በላይ ቀለም በተቀባው ክልል ውስጥ መቆም አይችልም። በፊባ (የዓለም አቀፉ የቅርጫት ኳስ ፌዴሬሽን) ሕግ እንዲህ ያለ ክልከላ የለም፤ ሴንተሩ ከፈለገ እዚያው ይክረም። ኳሷ ቀለበቱን ከነካች በኋላም በፊባ መጥረግ ይፈቀዳል፣ በኤንቢኤ ገና ከቀለበቱ በላይ ካለች ክልክል ነው። ስለዚህ በፊባ ሕግ የሚጫወት የአውሮፓ ሊግ ብሎክ ቁጥር ይዞ መጥቶ ከኤንቢኤ ሴንተር ጋር የሚያወዳድር ሰው ሲገጥመኝ ክርክሩን ከነጭራሹ አልጀምረውም።