የብናኝ ብክለት ምንጭ ልየታ ምንድን ነው?

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሐረጎን ጠመዝማዛ ቁልቁለት የወረደ ሰው፣ ከፊቱ ከሚሄደው ተሳቢ የሚመጣውን የተቃጠለ የፍሬን ሸራ ሽታ ያውቀዋል። ከጭስ ማውጫው ይህ ነው የሚባል ጭስ ባይታይም ብናኙ ግን አየሩ ውስጥ ገብቷል። ከመንገድ ዳር ብናኝ ምን ያህሉ ከናፍጣ፣ ምን ያህሉ ከፍሬንና ከጎማ፣ ምን ያህሉ ከአፈር ወይም ከማገዶ እንደመጣ መርምሮ ድርሻውን የሚያስቀምጥ ጥናት የብክለት ምንጭ ልየታ ይባላል።

ይበልጥ የሚያሳስበው ውፍረቱ ከ2.5 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ነው) የማይበልጠው ብናኝ ነው፤ እስከ ሳንባ ጥልቅ ክፍል ይዘልቃልና። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ፣ ዓመታዊ አማካዩ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ከ5 ማይክሮግራም እንዳያልፍ ይመክራል።

ባለሙያዎች አየሩን በፓምፕ እየሳቡ፣ ብዙውን ጊዜ ለ24 ሰዓት፣ በማጣሪያ ያሳልፉታል፤ ማጣሪያውን ከዚያ በፊትና በኋላ መዝነው የያዘውን በላቦራቶሪ ይመረምራሉ። ሲሊከንና አልሙኒየም ወደ አፈር፣ መዳብ፣ ባሪየምና አንቲሞኒ ወደ ፍሬን፣ ጥቁር ካርቦን (የጥቀርሻው ጥቁር ክፍል) ወደ ናፍጣ ይጠቁማሉ። አስቸጋሪው ነገር አንዱ ምልክት ለሁለት ምንጭ መመስከሩ ነው። ጥቁር ካርቦን ከባሕር ዛፍ ማገዶም ስለሚወጣ፣ እንጨት ሲቃጠል ከሴሉሎስ የሚፈጠረውና ከናፍጣ የማይገኘው ሌቮግሉኮሳን የተባለ ውህድ አብሮ ይፈለጋል። ዚንክ የጎማ ምልክት ቢሆንም የቤት ክዳን ቆርቆሮም የሚለበጠው በእርሱ ነው፤ ፋብሪካ በበዛበት እንደ ኮምቦልቻ ባለ ከተማ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ስለዚህ ብዙ ናሙናዎች ተሰብስበው፣ አብረው ከፍና ዝቅ የሚሉት ንጥረ ነገሮች በስሌት ይቧደናሉ።

ሰዓቱም ያሳስታል። በጦሳ ተራራ ግርጌ ባለችው ደሴ፣ ሌሊት የቀዘቀዘው አየር ከተዳፋቱ ወርዶ ሲተኛ፣ የማለዳው የምድጃ ጭስና የሚኒባሱ ጭስ በአንድ ሰዓት ይገናኛሉ፤ የጠዋቱን የብናኝ መጨመር ሁሉ በመኪና ማሳበብ፣ በእኔ አስተያየት፣ የተለመደ ስህተት ነው። አንድ መለኪያ አስፋልቱ ዳር፣ ሌላው ነፋሱ ከሚመጣበት አቅጣጫ ከመንገዱ ራቅ ብሎ ሲተከል ግን ልዩነቱ የመንገዱን ድርሻ ያሳያል።

ኢትዮጵያ በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለችበት ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ልየታው ሌላ ትርጉም አግኝቷል። የኤሌክትሪክ መኪና ቁልቁለት ሲወርድ ሞተሩ ራሱ ስለሚይዘው የፍሬን ሸራው እምብዛም አይበላም፤ ጎማው ግን ከአስፋልቱ ጋር ይፋተጋል፣ የወደቀውንም አቧራ መልሶ ያነሳል፤ ማጣሪያው ላይም ዚንኩና ሲሊከኑ ይቀራሉ።