ታጠቅ ጦር ሰፈርና የኦጋዴን ጦርነት የመሣሪያ ገበያ

ታጠቅ ጦር ሰፈር ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ፣ በአምቦ መንገድ በኩል ይገኛል። ስሙ የገነነው በ1969 ዓ.ም. ነው። ከየክፍለ ሀገሩ የተሰበሰቡ ገበሬዎች እዚህ ለጥቂት ወራት ሰልጥነው ሚሊሺያ ሆኑ። ሰኔ ላይ በአብዮት አደባባይ ሰልፍ አሳዩ። ሰው ሞልቶ ነበር። ጭንቁ የመሣሪያው ነገር ነው።

ከ1945ቱ የመከላከያ ስምምነት ወዲህ የኢትዮጵያ ዋና አስታጣቂ አሜሪካ ነበረች። በየካቲት 1969 የካርተር መንግሥት በሰብዓዊ መብት ጥሰት ምክንያት ወታደራዊ እርዳታውን ቀነሰ። ጥሰቱ እውነት ነበር፤ ደርግ ያኔ ሰው ይገድል ነበር። በሚያዝያ ደርግ አሥመራ የነበረውን የአሜሪካ ወታደራዊ የመገናኛ ጣቢያ ቃኘውን ጨምሮ የአሜሪካ ቢሮዎችን ዘጋ። አሜሪካም መሣሪያ መላኩን አቆመች፤ ኢትዮጵያ ገንዘቡን የከፈለችበት ሁሉ ሳይቀር እዚያው ቀረ። መዘዙ የደረሰው ግን ውሳኔው ውስጥ እጁ በሌለበት ገበሬ ላይ ነው።

ሶቪየት ኅብረት በበኩሏ ሶማሊያን ለዓመታት ስታስታጥቅ ቆይታለች። ታኅሣሥ 1969 ደግሞ ከደርግ ጋር በምስጢር ተፈራረመች። የሶማሊያ ጦር በሐምሌ ኦጋዴንን ሲወርር ሞስኮ የሁለቱም ወገን አስታጣቂ ነበረች። ይህ ለእኔ የዘመኑ ትልቁ ነውር ነው። በዚያው ሐምሌ አሜሪካ ለሞቃዲሾ የመከላከያ መሣሪያ ለመስጠት በመርህ ደረጃ ተስማምታ ነበር። ወረራው ግልጽ ሲሆን ሐሳቧን ቀየረች። ሌሎች አገሮች ከእሷ የገዙትን መሣሪያ ለሶማሊያ እንዳያሳልፉም ከለከለች። የአሜሪካ ሕግ የሸጠችው መሣሪያ ያለ ፈቃዷ ለሦስተኛ ወገን እንዲተላለፍ አይፈቅድም።

እነዚህ ወራት ኢትዮጵያን ብዙ ዋጋ አስከፈሉ። መስከረም 1970 ጅጅጋ ወደቀች። አየር ኃይሉ በአሜሪካ ኤፍ-5 ጄቶች የሶማሊያን ሶቪየት ሠራሽ ሚግ ጄቶች እየመታ ሰማዩን ያዘ። እግረኛው ግን ታንክና መድፍ አጥሮት ነበር።

ጥቅምት ላይ ሶቪየት ለሶማሊያ መሣሪያ መላክ ማቆሟን አስታወቀች። ኅዳር 4 ቀን ሶማሊያ የሶቪየት አማካሪዎችን አባረረች። ከዚያ በኋላ የሶቪየት ታንኩ፣ መድፉና ሚጉ በአውሮፕላንና በመርከብ ወደ ኢትዮጵያ ጎረፈ፤ የኩባ ወታደሮችም መጡ። የካቲት 26 ቀን 1970 ጅጅጋ ተመለሰች።

እስራኤልም በድብቅ ለደርግ መሣሪያ ትሸጥ ነበር። ውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ሞሼ ዳያን በጥር 1970 ይህን በአደባባይ ተናገሩ። ደርግ ወዲያው እስራኤላውያኑን አስወጣ።