የአየር ፎቶ ምርመራ ምንድን ነው? ያልታወቀ አጽም ሲገኝስ ምን ይሠራል?

እረኛ በረሃ ውስጥ፣ ፈፋ ሥር የሰው ራስ ቅል አገኘ እንበል። ሰፈር የለም፣ የሚጠየቅ ጎረቤት የለም። «ማን ነው?» የሚለው ይቆይና መጀመሪያ «ከየት መጣ?» መባል አለበት። ራስ ቅል ክብ ስለሆነ ጎርፍ እያንከባለለ ይወስደዋል። የቀረውን ደግሞ ጅብ ይበትነዋል።

የአየር ፎቶ ምርመራ ማለት ቦታውን ከላይ በተነሳ ፎቶና በካርታ አንብቦ ፍለጋውን ማጥበብ ነው። አጽሙ ሁለት ፈፋ ከሚገናኙበት በታች ከተገኘ ሁለቱንም ሽቅብ ማሰስ ግድ ነው። ከመገናኛው በላይ ከሆነ ግን አንደኛው ፈፋ ከነተራራው ከፍለጋው ወጣ። በእግሩ ለሚፈልግ ቡድን ይህ ትልቅ እፎይታ ነው።

አጥንቱ ራሱ ከላይ የሚታይ የሚመስለው ብዙ ነው። እስቲ እናስላው። በ1፡50,000 ካርታ ላይ 1 ሴንቲ ሜትር ማለት 500 ሜትር ነው። የ2 ሜትር መቃብር 0.04 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ የእርሳስ ነጥብ እንኳ ይበልጠዋል። ድሮን ዝቅ ብሎ ካነሳ ነገሩ ይለያል (እሱም ፈቃዱ ከተገኘ ነው)። ጥሩ ፎቶ ላይ የሚለየው የተቆፈረ አፈር ነው፤ ቀለሙም የሣሩ አበቃቀልም ከዙሪያው ይለያል። አሜሪካ በነሐሴ 1995 እ.ኤ.አ. በቦስኒያዋ ስሬብሬኒትሳ ስለተፈጸመው ጅምላ ግድያ ለተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት ያቀረበችው ምስልም የተገለበጠ አፈር ያሳይ ነበር።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚገርመኝ የድሮ ፎቶ ነው። ሂልተን አካባቢ ያለውን፣ ብዙዎቻችን ዛሬም «ካርታ ሥራዎች» የምንለውን መሥሪያ ቤት ታውቁታላችሁ። አሁን የስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት አካል ነው። ጣሊያኖች ከ1935 እስከ 1941 እ.ኤ.አ. ከአውሮፕላን ያነሷቸው ከ8,000 በላይ የፎቶ ሰሌዳዎች የተገኙት በዚህ መሥሪያ ቤት መዝገብ ውስጥ ነው። በእያንዳንዱ ሰሌዳ ላይ አራት ፎቶ ተለጥፏል፤ አንዱ ቀጥ ብሎ ወደ ታች፣ ሌሎቹ ጋደል ብለው የተነሱ።

ይህ ለመርማሪ ምን ይጠቅመዋል? ዛሬ ባዶ በሆነ ገደል ላይ ያኔ መንደር ወይም የእግር መንገድ ኖሮ ይሆናል። የቤተ ክርስቲያን ደን በአየር ፎቶ ላይ ጠቆር ያለ ክብ ሆኖ ይለያል። ደኑ ዛሬ ተመንጥሮ ከሆነ፣ ወንጀል የተጠረጠረበት አጽም ጎርፍ ከድሮ መካነ መቃብር ሸርሽሮ ያወጣው ሊሆን ይችላል።

ስሙን ካርታ አይነግረንም። እሱ የጥርስና የዲኤንኤ ሥራ ነው። ሌላው ሁሉ ግን አጽሙ በተገኘባት ነጥብ ላይ የቆመ ነው። አጥንቱ በጆንያ ፖሊስ ጣቢያ ከደረሰ በኋላ «እዚያ ማዶ ነው» ቢባል ምን ዋጋ አለው? ያገኘ ሰው ሳይነካው የስልኩን ጂፒኤስ ንባብ ይያዝ። ኔትወርክ ባይኖርም ጂፒኤሱ ይሠራል።