በቼዝ «አቻ» ምንድን ነው?

«ላ ዲያጎናል ዱ ፉ» ስለተባለው የቼዝ ፊልም ሲወራ አንድ አስተያየት አይጠፋም። «እውነተኛው የዓለም ሻምፒዮና እኮ አብዛኛው አቻ ነው። ያ ሁሉ ጭንቀት የፊልም ፈጠራ ነው።» ይሄ ነገር በዛ። ፊልሙ ሳይሆን አቻ ነው ያልገባቸው።

ፊልሙ ጄኔቫ ላይ የሚፋለሙ የአንድ የሶቪየት ሻምፒዮንና አገሩን ጥሎ የወጣ ወጣት ተፎካካሪ ታሪክ ነው። በማርች 1985 ለስዊዘርላንድ የውጭ ቋንቋ ፊልም ኦስካርን አመጣላት። ከአንድ ወር በፊት፣ ፌብሩዋሪ 15፣ ሞስኮ ውስጥ የዓለም ሻምፒዮኑ የካርፖቭና የተፎካካሪው የካስፓሮቭ የዋንጫ ግጥሚያ ያለ አሸናፊ ተቋርጦ ነበር። 48 ጨዋታ ተጫውተው 40ው አቻ ወጣ። 17ቱማ በተከታታይ ነው።

«ታዲያ 40 ጊዜ ተፈራሩ ማለት ነዋ!» የሚል አለ። አይደለም ወዳጄ። ደንቡ ስድስት ጨዋታ ቀድሞ ያሸነፈ ይወስዳል ይላል። አቻ አይቆጠርም። ካርፖቭ 5 ለ 0 ሲመራ የቀረው አንድ ድል ብቻ ነበር። ካስፓሮቭ ከዚያ በኋላ አንዴ ቢሸነፍ ያልቅለታል። ስለዚህ እያንዳንዱ አቻ ለእሱ ተጨማሪ ዕድሜ ነው፤ ለካርፖቭ ደግሞ ያመለጠ ዋንጫ። ግጥሚያው ሲቋረጥ ውጤቱ 5 ለ 3 ደርሶ ነበር። የመጨረሻዎቹን ሁለት ጨዋታዎች ያሸነፈው ካስፓሮቭ ነው።

ገመድ ጉተታን አስቡ። እኩል ጉልበት ያላቸው ሲጓተቱ ገመዱ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ከሩቅ ለሚያይ ምንም የሚሆን ነገር የለም። ቀርባችሁ እዩት፤ መዳፍ ይላጣል፣ እግር መሬት ይቆፍራል። አንዱ ትንፋሽ ለመሳብ ትንሽ ቢያላላ ተጎትቶ ይወድቃል። አንዳንዴም ሁለቱም ደክሟቸው ገመዱን አንድ ላይ ያስቀምጣሉ።

እሱንም አልክድም። ሞስኮ ላይ 20 እርምጃ ሳይሞላ የተጨባበጡባቸው ጨዋታዎች አሉ። ዛሬ አንዳንድ ውድድሮች 30 እርምጃ ሳይሞላ በስምምነት መለያየትን ይከለክላሉ። ደግሞም የአቻ ጥያቄ የሚቀርበው ጠጠሩን ካንቀሳቀሱ በኋላ፣ ሰዓቱን ከመጫን በፊት ነው። የተጋጣሚው ሰዓት እየቆጠረ እያለ እሱን መነዝነዝ ረብሻ ነው።

ስምምነት ግን ከአቻ መንገዶች አንዱ ብቻ ነው። ያው አቀማመጥ ሦስት ጊዜ ሲደገም ተጫዋቹ አቻ መጠየቅ ይችላል። መደጋገሙ ተከታታይ መሆን የለበትም፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። ተራው የደረሰው ተጫዋች ንጉሡ ቼክ ሳይባል፣ ማለትም ጥቃት ላይ ሳይሆን፣ የሚያንቀሳቅሰው ጠጠር ካጣም ጨዋታው እዚያው በአቻ ያልቃል።

በ1978 ባጊዮ፣ ፊሊፒንስ፣ በዓለም ሻምፒዮናው ግጥሚያ ኮርችኖይና ካርፖቭ አምስተኛውን ጨዋታ የጨረሱት እንደዚህ ነው። ኮርችኖይ ከሶቪየት ኅብረት የከዳው በ1976 ነው፤ ቤተሰቡ እዚያው ቀርቶበታል። በዚያ ጨዋታ ሰዓት አጣድፎት፣ ወደ ማት፣ ማለትም ንጉሡ ማምለጫ ወደሌለው ቼክ፣ የሚያደርሰው እርምጃ ፊቱ ተቀምጦ ሳያየው አለፈ። ከዚያ በኋላም አልለቀቀም። በ124ኛው እርምጃ የካርፖቭ ንጉሥ መሄጃ አጣ፤ አቻ ሆነ። ማንም ማንንም አልለመነም።